ኮረብታን ተራራ ያደረገው ስድስት ሚሊ ሜትር

(በመድረክ ላይ በቃል ከቀረበ ንግግር የተጻፈ። ለንባብ እንዲመች ድግግሞሹን ቀንሻለሁ፤ የጭቃው ነገር ግን እንዳለ ቀርቷል።)

እንደምን አመሻችሁ።

ይህ በእጄ የያዝኩት ተራ እርሳስ ነው። ከኋላ ያላችሁ ላይታያችሁ ይችላል፣ ችግር የለውም። ውፍረቱ ሰባት ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ዛሬ የምጀምርላችሁ ከዚህ እርሳስ ውፍረት ባነሰ ልዩነት ከኮረብታነት ወደ ተራራነት ስለተሾመ መሬት በማውራት ነው።

ሰሜን እንግሊዝ ውስጥ፣ ካምብሪያ በሚባለው አካባቢ፣ ካፍ ቶፕ የሚባል ከፍታ አለ። በእንግሊዝ ተራራ ወጪዎች ዘንድ ደግሞ የቆየ ልማድ አለ። 2,000 ጫማ የሞላ ተራራ ነው፣ ያልሞላ ኮረብታ ነው። 2,000 ጫማ ማለት 609.6 ሜትር ነው። ካፍ ቶፕ ለብዙ ዘመን በጥቂት ሲያመልጠው ኖረ። እ.ኤ.አ. በ2016 ግን የአገሪቱ የካርታ መሥሪያ ቤት ቁመቱ 609.606 ሜትር ነው አለ። በስድስት ሚሊ ሜትር አለፈ ማለት ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠራቸው።)

እኔን የሚገርመኝ ግን ስድስት ሚሊ ሜትሩ አይደለም። የሚገርመኝ ካፍ ቶፕ ምንም አለማደጉ ነው። ማንም አፈር አልደፋበትም። መሬቱም ንቅንቅ አላለም። የተለወጠው ዜሮው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቁመት የሚለካው ከባሕር ወለል ነው ይባላል። ካፍ ቶፕ ግን ባሕር ውስጥ አልቆመም። ስለዚህ "ባሕሩ በመሬት ሥር እዚህ ድረስ ቢመጣ ወለሉ የት ላይ ይሆን ነበር?" ብሎ የሚያሰላ ሞዴል ያስፈልጋል። ይህ ሞዴል ታደሰ። በስሌት ያለችው ባሕር ትንሽ ዝቅ አለች። ኮረብታው ቁጭ ብሎ ተሾመ።

እንግዲህ ዛሬ ይዤ የመጣሁት ይህችን ነው። አንዱ "ተራራ ነው"፣ ሌላው "ኧረ ኮረብታ ነው" ሲል ጠቡ በቁመት ይመስላል። ጠጋ ብላችሁ ስትሰሙት ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚጣሉት ከየት ጀምሮ ይለካ በሚለው ነው።

መጀመሪያ የቁጥሮቹን ነገር ቶሎ ልጨርሰው። ለምን 2,000 ጫማ ሆነ? ድፍን ቁጥር ስለሆነ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለውም። ዓለቱ ውስጥ እዚያ ቁጥር ላይ የሚለወጥ ነገር የለም። ሜትር የሚጠቀም ሰው ቢጀምረው ኖሮ 600 ይል ነበር። ደግሞም ተብሏል! በ2000 ለእንግሊዝና ለዌልስ የወጣ፣ ሕዝብ በገጠር የመዘዋወር መብቱን የሚደነግግ ሕግ ከ600 ሜትር በላይ ያለ መሬት በተራራነት ይቆጠራል ይላል። ስለዚህ እዚያ 605 ሜትር ላይ የቆመ ሰው ለሕጉ ተራራ ላይ ነው፣ ለተራራ ወጪው ኮረብታ ላይ። ስኮትላንድ ስትሄዱ ደግሞ ዝነኞቹ ጫፎች 3,000 ጫማ፣ ማለትም 914.4 ሜትር የሞሉት ናቸው። ሂዩ ሙንሮ የሚባል ሰው በ1891 ባወጣው ዝርዝር ምክንያት "ሙንሮ" ይባላሉ። ዛሬ 282 ናቸው። በ2012 አንዱ እንደገና ሲለካ ግማሽ ሜትር ባልሞላ ጉድለት ከዝርዝሩ ተሽሯል። ሹም ሽር አለ ስላችሁ በምክንያት ነው።

ዌልስ ውስጥ ያለው ግን ይለያል። መኒዝ ግራይግ ጎኽ የሚባል ከፍታ አለ። በካርታ 609 ሜትር ተብሎ ተጽፎ በኮረብታነት ሲቆጠር ኖረ። በ2008 ጥቂት የመለካት ፍቅር ያላቸው ሰዎች የሳተላይት መለኪያ ተሸክመው ወጡና 609.75 አገኙ። ከመስመሩ አንድ ስንዝር የማትሞላ ትርፍ ነች። "ኮረብታው ተራራ ሆነ" ተብሎ ዜና ሆነ። መኒዝ የሚለው ቃል ግን በዌልስኛ "ተራራ" ማለት ነው። ስሙን ያወጡት ሰዎች ሜትርም ሳተላይትም ሳይጠብቁ ነግረዋቸው ነበር።

አሜሪካኖቹ ሌላ መንገድ ሞክረዋል። የመልክዓ ምድር ስሞች ቦርዳቸው በአንድ ወቅት በዙሪያው ካለው መሬት 1,000 ጫማ ከፍ ያለ ተራራ ነው ይል ነበር። ከባሕር ሳይሆን ከዙሪያው፣ ልብ በሉልኝ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ እሱንም ተዉት። ዛሬ በይፋ የሚለይ መስመር የላቸውም። ኦክላሆማ ውስጥ ካቫናል የሚባል ኮረብታ ግን አሁንም "የዓለም ትልቁ ኮረብታ" ነኝ ይላል፤ ከፍታው 1,999 ጫማ ነው ተብሎ ይነገራል። አንዲት ጫማ ብትጨመር ማዕረጉ ይጠፋል። ከትናንሽ ተራሮች አንዱ ከመሆን የኮረብቶች አለቃ መሆን ሳይሻል አይቀርም።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ።

ከባሕር ወለል መለካት ለካርታ ሠሪ ይመቸዋል። አንድ ዜሮ፣ ለሁሉም እኩል። ግን ዓይን ባሕርን አያይም። ዓይን የሚያየው ፊት ለፊቱ ያለውን ሜዳ ነው። የቲቤት አምባ በአማካይ ከ4,500 ሜትር በላይ ነው። ከአልፕሱ ትልቅ ተራራ፣ ከሞንት ብላንክ ጫፍ 300 ሜትር ያህል ብቻ ዝቅ ብላችሁ፣ ዳገት የሚባል ነገር ሳታዩ፣ ቀኑን ሙሉ በሜዳ ትሄዳላችሁ። ላሳ ከተማ ያለው ትልቁ የፖታላ ቤተ መንግሥት የተሠራበት ከፍታ "ቀዩ ኮረብታ" ይባላል። ከባሕር ከለካችሁት ከ3,600 ሜትር በላይ ነው። ከሸለቆው ወለል ብታዩት ግን 130 ሜትር ግድም ነው። ሰዉ ኮረብታ ያለው ከሸለቆው እያየ ስለሆነ ነው።

በተቃራኒው አውስትራሊያ ውስጥ ቪክቶሪያ በሚባለው ክፍለ ግዛት ዊችፕሩፍ የሚባል አለ። ከሜዳው የሚነሳው 43 ሜትር ብቻ ነው። በመዝገብ ግን "ተራራ" ነው፤ ከተመዘገቡት ሁሉ ትንሹ እየተባለ ይጠራል። ሜዳው እንደ ጠረጴዛ ልጥ ያለ ስለሆነ 43 ሜትርም ዓይን ይሞላል።

ታዲያ ከሜዳው እንለካ ብንልስ? "ሜዳው የት ላይ ነው የሚያልቀው?" የሚል ጥያቄ ይመጣል። ግርጌ የሚባለው ነገር እኮ የተሰመረ መስመር የለውም። ሁለት ሰዎች አንዱን ተራራ ከግርጌው ልኩ ብትሏቸው ሁለት ቦታ ይጀምራሉ። ለዚህ መላ አለ። እዚህ ጠረጴዛ ላይ ያለው ሳፋና ጭቃ ለዚያ ነው።

ቀረብ ያላችሁ እዩልኝ። ሳፋው ውስጥ ሁለት አናት ያለው ጭቃ አቁሜአለሁ። ትልቁ አናት አንድ ስንዝር ያህል ነው። ትንሹ ከሱ ሦስት ጣት ዝቅ ይላል። በመሃላቸው ኮርቻ የመሰለ ጎድጓዳ አለ። አሁን በጆጉ ውሃ በቀስታ እጨምራለሁ። ውሃው ወጣ ወጣ ሲል ሁለቱም አንድ ደሴት ናቸው። አሁንም አንድ ናቸው። በመሃል ያለችው መሬት እየቀጠነች ነው። አንድ ጣት ቀራት... እርጥብ ክር መሰለች... በቃ። ተቆረጠች። ሁለት ደሴት ሆኑ።

እዚህ ላይ ውሃ ማፍሰስ ላቁም። ትንሹ አናት ከውሃው በላይ የቀረችውን በጣቴ ልለካት። ሁለት ጣት ነች። ይህች ሁለት ጣት የትንሹ አናት የግል ቁመት ነች። ከትልቁ ጎረቤቱ የተዋሰው ሁሉ ውሃ ውስጥ ገብቷል፤ የቀረው የራሱ ነው። በተራራ ወጪ ቋንቋ ብትፈልጉት ትርጉሙ "ወደሚበልጠኝ ከፍታ ለመሄድ ቢያንስ ምን ያህል መውረድ አለብኝ?" የሚለው ነው። ግርጌው የት ነው ብሎ መጨቃጨቅ ቀረ። ማንም ቢለካው አንድ መልስ ያገኛል።

"ተራራና ተራራ አይገናኝም፣ ሰውና ሰው ይገናኛል" እንላለን። ይኸው ተራሮችም የሚገናኙበት ቦታ አላቸው። ውሃው የቆረጣት ያቺ ዝቅ ያለች ቦታ ነች። መንገደኛ "በር" የሚላት።

በዚህ ዓይን ስታዩ ትልልቆቹ ስሞች ይቀያየራሉ። ሎትሴ 8,516 ሜትር ነው፤ ከዓለም አራተኛ። ከኤቨረስት ጋር የሚያገናኘው በር ግን 7,906 ሜትር ላይ ነው። ቀንሱት። የግል ቁመቱ 610 ሜትር ሆነ። እንደ ካፍ ቶፕ ያለ ቁጥር መሆኑን አያችሁ? የዓለም አራተኛው ተራራ በግል ቁመቱ ብቻ ቢፈረድበት ያቺን የእንግሊዝ መስመር ለጥቂት ነው የሚያልፋት። ኪሊማንጃሮን ደግሞ እዩት። 5,895 ሜትር ነው፤ ከዚያ ውስጥ 5,885ቱ የግሉ ነው። ብቻውን ከሜዳ ስለተነሳ ከማንም የተበደረው የለም ማለት ይቻላል።

ይህም መለኪያ ግን ኮረብታን ከተራራ አይለይላችሁም። የሚለየው አንዱን ጫፍ ከሌላው ጫፍ ነው። ስንት ሲሆን ይበቃል የሚለውን አሁንም ሰው መወሰን አለበት። ዓለም አቀፉ የተራራ ወጪዎች ኅብረት በአልፕስ 4,000 ሜትር ያለፉ ጫፎችን ሲዘረዝር በ30 ሜትር ግል ቁመት ወሰነና 82 አገኘ። ሌላ ቁጥር ቢመርጥ ሌላ ያገኝ ነበር።

"ቁልቁለቱስ?" ትሉኛላችሁ። ተራራ ገደል ነው፣ ኮረብታ ለስላሳ ነው። ጥሩ ስሜት ነው፤ ብዙ ጊዜም ይሠራል። ግን ማርስ ላይ ኦሊምፐስ የሚባለው እሳተ ገሞራ አለ። ቁመቱ 22 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። ስፋቱ ደግሞ 600 ኪሎ ሜትር ያህል። ጎኑ በአማካይ አምስት ዲግሪ ገደማ ብቻ ያዘነብላል። ጎኑ ላይ የቆመ ሰው ጫፉን አያየውም፤ ከአድማስ በታች ነው። ተራራ ላይ መሆኑን በምን ያውቃል? በዚያ ላይ ማርስ ባሕር የላትም። ዜሮዋን ሰዎች በስሌት ነው ያስቀመጡላት። የካፍ ቶፕ ችግር እዚያም ተከትሎናል።

ሳይንቲስቶች ይህን ሁሉ ስለሚያውቁ ቁመትንና ዝንባሌን አደባልቀው ይመድባሉ። በ2000 አካባቢ ለተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም የተሠራ አንድ ምደባ አለ። ከ2,500 ሜትር በላይ ያለ ሁሉ ተራራማ ነው ይላል፤ ሜዳም ቢሆን። ዝቅ ላለው ደግሞ ዝንባሌ ይጠይቃል። ከ1,000 ሜትር በታች ከሆነ በሰባት ኪሎ ሜትር ዙሪያ ውስጥ ከ300 ሜትር በላይ የከፍታ ልዩነት ይፈልጋል። በዚህ ሲቆጠር የዓለም የብስ 24 በመቶ ያህሉ ተራራማ ሆነ። ሌሎች "የለም፣ ዋናው ወጣ ገባነቱ ነው፤ የቲቤት ሜዳ ምን ቤት ነው?" ብለው አምባዎቹን አወጡና 12 በመቶ ግድም አገኙ። ሌሎች ደግሞ 30 በመቶ አካባቢ ደረሱ። አንዲት ምድር ናት! ከ12 እስከ 30። ተራራን የሚጠብቅ ፖሊሲ ስታወጡ የትኛውን ካርታ እንደያዛችሁ መጠየቅ ቀልድ አይደለም።

ሙቀትንም ቶሎ ልጥቀስ። አየር በአንድ ኪሎ ሜትር ከፍታ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ይቀዘቅዛል። ሦስት መቶ ሜትር ስትወጡ የምታጡት ሁለት ዲግሪ ነው፤ ጃኬት ላታወጡ ትችላላችሁ። ሁለት ሺህ ሜትር ስትወጡ ግን 13 ዲግሪ ነው። ዛፉ ይለወጣል፣ ከፍ ሲል ጭራሽ ይጠፋል። ደመናው በአንድ ጎን ዝናቡን ጥሎ በሌላው ደርቆ ይወርዳል። የዕፅዋት ሰዎች ተራራን የሚያውቁት በዚህ ነው። እኔም ከሁሉም የምቀርበው ለዚህ ሐሳብ ነው። ኮረብታ በአየሩ ውስጥ ይቆማል፤ ተራራ የራሱን አየር ይሠራል። ይህም ቢሆን ሹል መስመር የለውም።

አሁን ብዙ የማልቸኩልበት ታሪክ ላይ ደረስኩ። ተራራን መመዘን ይቻላል?

ግንበኛ ግድግዳው ቀጥ ማለቱን የሚያይበትን ቱንቢ ታውቃላችሁ። ክር፣ ጫፉ ላይ ብረት። ቱንቢ ቀጥታ ወደ ምድር መሃል ይንጠለጠላል። አጠገቡ ትልቅ ነገር ካለ ግን ያ ነገርም በስበቱ ይጎትተዋል። ፈረንሳዊው ቡጌ በ1738 ደቡብ አሜሪካ ቺምቦራሶ የሚባል ተራራ ላይ ሞክሮት ነበር። ብርዱና ነፋሱ አስቸግሮት መልሱ ጥርት አላለም። በ1774 እንግሊዛዊው የሥነ ፈለክ ሰው ኔቪል ማስከሊን ስኮትላንድ ውስጥ ሺሃልየን የሚባል ተራራ መረጠ። 1,083 ሜትር ነው። የተመረጠው ብቻውን የቆመና ቅርጹ የተስተካከለ ስለሆነ ነው። በደቡብ ጎኑና በሰሜን ጎኑ መለኪያ ተከለ። ለወራት ደመናው እስኪገለጥ እየጠበቀ የኮከቦችን ቦታ ለካ። ኮከቦቹ ትክክለኛውን አቅጣጫ ይነግሩታል፤ ቱንቢው ደግሞ የተሳሳተውን። የሁለቱ ጎን ድምር 11.6 ሴኮንድ ሆነ። ዲግሪን ለ3,600 ክፈሉት፤ አንዱ ሴኮንድ ነው። በአንድ ጎን ብቻ ካሰባችሁት የአንድ ሜትር ቱንቢ ጫፍ የተንቀሳቀሰው ከፀጉር ውፍረት ባነሰ ነው።

ከዚያ ቻርልስ ሃተን የሚባል የሒሳብ ሰው የተራራውን መጠን ለማወቅ በሺህ የሚቆጠሩ የከፍታ ነጥቦች ቀረቡለት። ቁጥሩ ሲበዛበት እኩል ከፍታ ያላቸውን ነጥቦች በመስመር አያያዛቸው። ዛሬ በካርታ ላይ የምታዩዋቸው እንደ ቀለበት የተደራረቡ መስመሮች በዚህ ሥራ ነው በደንብ የታወቁት። የምድርንም እፍጋት አወጣ፤ የውሃ አራት ተኩል እጥፍ አለ። ዛሬ አምስት ተኩል መሆኑን እናውቃለን። በአንድ ተራራና በአንድ ክር ይህን ያህል መቅረቡ አሁንም ይደንቀኛል።

ኮረብታም ቱንቢ ይጎትታል፤ አልክድም። በጣም ትንሽ ብቻ ነው። ሌላ ልዩነት ግን ከሥር አለ። ሕንድ ውስጥ ምድር የሚለኩ ሰዎች ሂማላያ ቱንቢያቸውን ከጠበቁት ያነሰ እንደሚጎትት አዩ። በ1855 እንግሊዛዊው የሥነ ፈለክ ሰው ጆርጅ ኤሪ ምክንያቱን ገመተ። ትልቅ የተራራ ሰንሰለት ውሃ ላይ እንደሚንሳፈፍ ግንድ ነው። የሚታየው ትንሹ ነው፣ ከሥሩ ወደ ታች የገባ ቀላል ዓለት አለ። ዛሬ በቲቤት ሥር የምድር ቅርፊት 70 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሚወፍር ይታወቃል፤ የሌላው የብስ አማካይ 35 ግድም ነው። አንድ ኮረብታ እንዲህ ያለ ሥር አያስፈልገውም። ቅርፊቱ እንደ ጠረጴዛ ይሸከመዋል። "ተራራ ሥር አለው፣ ኮረብታ የለውም" ብዬ ብጨርስ ደስ ባለኝ። ግን ይህ ለሰንሰለት እንጂ ለነጠላ ጫፍ አይሠራም።

"ኮረብታ ያረጀ ተራራ ነው" የሚልም አለ። አንዳንዱ ነው። የአሜሪካ አፓላቺያን ከ300 ሚሊዮን ዓመት በፊት ታላቅ ሰንሰለት ነበር፤ ዛሬ ከፍተኛው ጫፉ 2,037 ሜትር ነው፣ የቀረውን ዝናብና ወንዝ ወስዶታል። ግን በረዶ ጠርጎ የከመረው የአፈር ጉብታም ኮረብታ ነው። እሱ መቼም ቢሆን ተራራ ሆኖ አያውቅም።

የቀረው ስም ነው። ስም ደግሞ ማንንም አይሰማም። አሜሪካ ደቡብ ዳኮታ ያሉት "ጥቁር ኮረብቶች" 2,207 ሜትር ድረስ ይደርሳሉ። እንግሊዞች ሕንድን ሲገዙ በ2,000 ሜትር ላይ የሠሯቸውን ከተሞች "የኮረብታ ከተማ" ይሏቸው ነበር። ከኋላቸው ሂማላያ ቆሞ ሌላ ምን ይበሉ? ጃፓን ውስጥ ሴንዳይ ከተማ ደግሞ ሂዮሪያማ አለ። "ያማ" ተራራ ማለት ነው። ስድስት ሜትር ያህል ነበር፤ የ2011 ሱናሚ ጠራርጎት ሦስት ሜትር ቀረ። በ2014 የአገሪቱ ዝቅተኛ ተራራ ተብሎ ታወቀ። ተጎድቶም ተሾመ። በእኛም ቋንቋ ጋራ የትኛው ነው? ተራራ ነው ወይስ ኮረብታ? እዚህ አዳራሽ ውስጥ እጅ ብናስወጣ የምንስማማ አይመስለኝም። አምባን ደግሞ ማንም ያለ ስሕተት ያውቀዋል፤ ስሙ የወጣለት ከቁመቱ ሳይሆን ከአናቱ ጠፍጣፋነት ነውና።

ንግግሩ ካለቀ በኋላ ከፊት የተቀመጠ አንድ ወጣት እጁን አወጣ። "ባሕር ውስጥ ያሉትስ? የሃዋዩ ተራራ ማውና ኬያ ከባሕር በላይ 4,207 ሜትር ነው፣ ከባሕሩ ታች ካለው ግርጌው ግን ከ10,000 ይበልጣል ይባላል።"

ልክ ነው አልኩት። ደግሞ ጥሩ ቦታ ነው የነካኸው። ከውሃ በታች መስመር አለ። የባሕር ካርታ የሚያወጡት ዓለም አቀፍ ተቋማት ስም ሲሰጡ በዙሪያው ካለው የባሕር ታች መሬት ከ1,000 ሜትር በላይ የሚነሳውን የባሕር ተራራ ይሉታል። ያነሰው ጉብታ ነው። ከባሕር ወለል በላይ ስንት ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ዙሪያውን አይቶ መለካት ብቻ ነው። የብስ ላይ በዘመናት ያልተስማማንበትን፣ ማንም በእግሩ በማይወጣው ቦታ ላይ ተስማምተናል።

"999 ቢሆንስ?" አለኝ።

ጉብታ ነዋ! አዳራሹ ሳቀ። ግን የውቅያኖስ ወለል በዘመናዊ የድምፅ መለኪያ በዝርዝር የተለካው ገና ሩብ ያህሉ ነው። እዚያ ታች ሹመቱን የሚጠብቅ ብዙ አለ።